ሞቆ የጠበቀኝ ሞተር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ስለመግዛት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ለታናሽ ወንድሜ ጮክ ብዬ። ጀልባዋ የጋራችን ስለሆነች ጉዳዩ ሁለታችንንም ይመለከታል። ጸሐፊው የሚያውቀውን በቅንነት እንደጻፈ ያስታውቃል። ግን አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ወንድሜ "ቆይ ቆይ፣ እሷን ድገማት" አለኝ። ሻጩ ሞተሩን እንዲያስነሳላችሁ ጠይቁ፣ ድምፁን አዳምጡ፣ ድምፁ ካማረ ሞተሩም ደህና ነው የምትለዋን። ደገምኩለት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የመጀመሪያውን ሞተራችንን የገዛሁት እኔ ነኛ! የገዛሁትም በድምፁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻጩ የቀጠረኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስደርስ ሞተሩ ውሃ የተሞላ በርሜል ላይ ታስሮ ቆሟል። 15 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሰውየው ገመዱን አንዴ ሳብ ሲያደርገው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ አይቆራረጥ፣ አያስል። "አየህ? በአንድ ሳብታ!" አለኝ። እኔም በአንድ ሳብታ መነሳት ማለት ጤና ማለት መሰለኝ። ገና እንደደረስኩ፣ ከመነሳቱ በፊት፣ እጄን ሲሊንደሩ ላይ ባሳርፍ ኖሮ ይፋጀኝ ነበር። አላሳረፍኩም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ገንዘቡን ይዞ።

በማግስቱ ማለዳ ጀልባዋ ላይ አስረን ገመዱን መሳብ ጀመርን። ወንድሜ ይቆጥራል። 23 ላይ ሲደርስ ተነሳ። "አዲስ ቦታ ስለሆነበት ነው" አልኩት። ሞተር አዲስ ቦታ የሚያስደነግጠው ይመስል! ወጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን የተቃጠለ ቀለም ሸተተን። ድምፁ ወፈረ፣ ከበደው፣ ከዚያ ቀጥ አለ። መቅዘፊያ ስንፈልግ ያለን አንድ ብቻ ነው። ሌላኛውን ቤት ትተነው መጥተናል፤ አሁንማ ሞተር አለን ብለን። በአንድ መቅዘፊያ የቀዘፈ ሰው ያውቀዋል፤ ጀልባዋ ወደፊት ከምትሄደው ይልቅ የምትዞረው ይበዛል።

ሞተሩን የወሰድንላቸው መካኒክ አዛውንት ናቸው፤ ብዙ አያወሩም። ክዳኑን ከፈቱ፣ ቀለሙን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና "ልጄ፣ ይሄን ሲሸጡልህ ሞቆ ነበር?" አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? "አልነካሁትም" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ የማወቅ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ካንዴላዎቹን ነቅለው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። የላይኛው ሲሊንደር በግፊት መለኪያው 115 ፒኤስአይ አለ፤ የታችኛው 75። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የኛ ከ30 በመቶ በላይ ነው። የታችኛው ፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሞተር ሲሞቅ ነው ሰው የሚመስለው። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ቤንዚኑም ቶሎ ይተናል፤ በአንድ ሳብታ ይነሳልሃል። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ደግሞ ጉዱ ይወጣል። ሻጬ ይህን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? አላውቅም። ለከሰዓት የቀጠረኝ ግን እሱ ነው።

ከታች ያገኙት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለማያውቀው አንባቢ ልንገረው፤ የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሚሄድበት ውሃ ነው። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ፣ ወደ ውሃው በሚወርደው እግሩ ውስጥ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ አለ። በውስጡ የምትሽከረከረው ክንፍ ያላት ትንሽ ጎማ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። እሷ ናት ውሃውን ስባ ወደ ላይ፣ ወደ ሲሊንደሮቹ የምትገፋው። ፓምፑ መሥራቱን የምታውቁት ከሞተሩ ጎን ወይም ኋላ በምትረጨው ቀጭን የውሃ መስመር ነው። እኔና ወንድሜ "ሽንቱ" ነው የምንላት፤ ጋዜጣ ላይ የማይጻፍ ከሆነ አውጡት። የኛ ሞተር ጎማ ሁለት ክንፎቿ ተቆርጠዋል። ቁራጮቹ ወደ ላይ ሄደው የውሃውን መንገድ ዘግተዋል። በርሜሉ ላይ ለአምስት ደቂቃ ሲታይ ትንሽ ውሃ ይረጭ ስለነበር ልብ አላልኩትም። ጭነት ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ሲሄድ ግን አልቻለም።

የጽሑፋችሁ ነገር ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን አስነሱና አዳምጡ ይላል እንጂ እግሩ ውሃ ውስጥ ይግባ አይልም። ያቺ ጎማ የምትለሰልሰው በውሃው ነው። በደረቁ ስትሽከረከር ከቤቷ ግድግዳ ጋር ትፋተጋለች፣ ትግላለች፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትበላሻለች። አንድ አንባቢያችሁ ጋዜጣውን ይዞ ሄዶ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ የተቀመጠ ሞተር "እስቲ አስነሳልኝ" ቢል፣ ደህና የነበረውን ሞተር ራሱ አበላሽቶ ይገዛዋል። ወይም አበላሽቶ ትቶት ይሄዳል፤ ያኔ የሚጎዳው ሻጩ ነው። በርሜል ከሆነ ውሃው የመሳቢያ ቀዳዳዎቹን በደንብ ይሸፍን። በርሜል ከሌለ የውሃ ቱቦ የሚገጠምባቸው፣ እግሩን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ የጎማ ጆሮዎች አሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጀልባ ላይ አስሮ መውጣት ነው።

ሁለተኛውን ሞተር ስንገዛ ወንድሜም አብሮኝ ሄደ። በኔ ብቻ የሚተማመን ሰው ቤታችን ውስጥ አልቀረም። ሻጯ ሴት ናቸው፤ ሞተሩ የባለቤታቸው ነበር። ስልክ ደውዬ "እትዬ፣ በማለዳ ልምጣና እባክዎ ማንም እንዳያስነሳው" ስላቸው ገረማቸው። "ኧረ እኔ ማስነሳቱንም አላውቅበት" አሉኝ። ሄድን። ከሰላምታ ቀጥሎ ያደረግሁት ነገር ክዳኑን አስከፍቼ እጄን ማሳረፍ ነበር። ቀዝቃዛ! ያን ቀን ብረት ቀዝቅዞ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለሙ አላማረኝም። ደብዝዟል፣ ፕሮፔለሩ ጫፍ ጫፉን ተበልቷል። ግን የብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ የነበረው ቀለም አልተላጠም። ሞተሩ ብዙ አልተፈታም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሞተራችን አዲስ ቀለሙ ብሎኖቹንም፣ ተለጣፊ ጽሑፎቹንም ደፍኗቸው ነበር። ያን ጊዜ ውበት መስሎኝ!

ከዚያ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። እግሩ ጎን ላይ፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ፣ የጊር ዘይት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። የላይኛውን ሳይነኩ የታችኛውን ትንሽ ላላ ማድረግ ነው። ዘይቱ አየር ስለማያገኝ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይፈስም። ይህም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ካደረ በኋላ ቢደረግ ነው የሚሻለው። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፤ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርድና ብሎኑ ሲላላ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። በቅርቡ የሠራ ሞተር ከሆነ ደግሞ ዘይትና ውሃው ተደባልቆ ወተት ይመስላል። ሁለቱም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ውሃ የሚያግዱት ጎማዎች አልቀዋል፣ ጊሮቹም በውሃ እየታጠቡ ነው። ብሎኑ ጫፍ ማግኔት ካለው እሱንም እዩት። እንደ ቅባት የለሰለሰ ጥቁር ነገር ቢይዝ አያስደነግጥም። የብረት ስንጥር ከያዘ ግን ሰላም ብላችሁ ውጡ።

የወጣው ዘይት ንጹህ ነበር። በጣም ንጹህ። ወንድሜ በጆሮዬ "ትላንት የተቀየረ ቢሆንስ?" አለኝ። ለካ ጠርጣራ ቤተሰብ ሆነናል። ሴትየዋን ስጠይቃቸው አልሸሸጉም፤ "ለሽያጭ ብዬ ሰው ጠርቼ አስቀይሬዋለሁ" አሉ። ስለዚህ ውሃ ላይ ወጥተን፣ ነድተን፣ ተመልሰን እንደገና ብሎኑን ማላላት ግድ ሆነ።

ቾኩ፣ ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን የሚቀንሰው፣ ተስቦ በአራተኛው ሳብታ ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፤ ቱ ስትሮክ ሲነሳ እንዲህ ነው፣ አይደንቅም። የሚነደው ቤንዚን ብቻ አይደለማ፤ ዘይትም አብሮ ነው። አብዛኞቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው የሚፈልጉት፤ አሮጌዎቹ ከዚያም በላይ። ሽንቱን አየሁ። ወፍራም ነው። ጣቴን ሰደድኩበት፤ ለብ ያለ ውሃ። ሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳንሰጠው፣ ብዙ አቆየነው፤ አልጠፋም። ከዚያ ወንድሜ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት አደረገው። እዚህ ላይ ጆሮ ይጠቅማል፤ ጸሐፊያችሁን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ የማትፈጥን ከሆነ የፕሮፔለሩ ውስጠኛ ጎማ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ጊር ሲገባ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነም ጥርሱ ተበልቷል። ይህ ሁሉ የሚሰማው ግን በርሜል ውስጥ አይደለም፤ ጭነት ሲያገኝ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተመልሰን ብሎኑን አላላሁ። ዘይቱ እንደነበረው ነው። የኮምፕሬሽኑ ልኬት ሁለት ሲሊንደር ላይ ተቀራራቢ መጣ። ገዛነው።

ጸሐፊያችሁ ስለ ማርካ ብዙ ብሏል። እኔ ማርካ አልንቅም፤ ግን ከማርካው ይልቅ መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ኤቪንሩድ የሚባለውን ስም የማያውቅ ባለጀልባ ጥቂት ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞተር ነው ይህን ዕቃ ለብዙ ሰው ያዳረሰው። ሆኖም በ2020 እ.ኤ.አ. ቢአርፒ የተባለው ባለቤት ኩባንያ የኤቪንሩድ ሞተር ማምረት አቁሟል። ስም ስለገነነ ዘላለም ይመረታል ማለት አይደለም። ያቺን የውሃ ፓምፕ ጎማ ነገ የት አገኛታለሁ ብሎ ዛሬ መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም፤ የእግሩ ርዝመት። አንድ ጓደኛችን ሁሉን መርምሮ፣ ሁሉ ደህና ሆኖ ገዛና ቤቱ ሲወስደው እግሩ ረዘመ። አጭሩ ለ38 ሴንቲሜትር ያህል፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ላለው፣ ሞተሩ ለሚታሰርበት የጀልባው የኋላ ሳንቃ ነው የተሠራው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ግርጌ ጋር እኩል ግድም መዋል አለበት። ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ በጣም ከወረደ ውሃውን እየጎተተ ያዘግማል። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ሜትር ያዙ። የመለያ ቁጥሩ የተጻፈባት ሳህንም ከማሰሪያው ላይ ተነቅላ ከሆነ ምክንያቱን አትጠይቁ፤ ብቻ አትግዙ።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው እትም ያቺን አንቀጽ አርሙልን። "ከማስነሳታችሁ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ሳይገባ አታስነሱ" የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ጸሐፊው ቅር እንደማይለው ተስፋ አደርጋለሁ። ቢለውም ያቺን የተቆረጠች ጎማ ላሳየው እችላለሁ፤ ከካቻቢቴዬ ጋር አብራ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው ሞተር አሁንም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካርቡሬተሩንና ጥቂት ብሎኖቹን ወስደንበታል። ክዳኑ ግን እስከ ዛሬ ያብረቀርቃል፤ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደንቀው እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ