ጭሱ በላብ ይወጣል ወይ? ለስቲም ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ስትመጡ ግፊታችሁን እንለካለን። «የመጨረሻውን ሲጋራ መቼ አጨሱ?» ብለንም እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁ «ምን አገባችሁ?» ብላችሁናል። አልተሳሳታችሁም፤ ሳናስረዳ ነው የጀመርነው።

መነሻው አንድ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። የሱሉልታ ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ጠዋት ነበር። 25 ደቂቃ ስቲም ውስጥ ቆዩና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ግቢ ወጡ። ሲጋራ ለኮሱ። ሁለቴ እንደሳቡ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ አግዳሚውን ይዘው ዝርግት አሉ። እግራቸውን ከፍ አደረግን፣ ውሃ ሰጠን፣ ተሻላቸው። ከዚያ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «እኔ እኮ የምመጣው ጭሱን በላብ ላወጣው ብዬ ነው።»

እንዲህ የምትሉ ብዙ ናችሁ።

አይወጣም። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ሲጋራ ደግሞ የሚጎዳው ደም ቅዳን፣ ማለትም ደምን ከልብ የሚያወጣውን ሥር ነው። ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ በመታ ቁጥር ለጠጥ ብሎ ይመለሳል። ሲጋራ፣ ዕድሜና ግፊት ያደርቁታል። በደረቀ ደም ቅዳ ውስጥ የልብ ምት ሞገድ ይፈጥናል፤ ሐኪሞችም የሚለኩት ይህንን ፍጥነት ነው። በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ሙቀት ለጊዜው ያላላዋል። በፊንላንድ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2018 የታተመ ጥናት ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸውን 100 ያህል ሰዎች 30 ደቂቃ ሳውና (የደረቅ ሙቀት ክፍል) አስገብቶ ለክቷል። ፍጥነቱ ከ9.8 ወደ 8.6 ሜትር፣ የላይኛው ግፊትም ከ137 ወደ 130 ወረደ።

ግቢያችንን የምናጠጣበትን ሰማያዊ ጎማ ታውቁታላችሁ። ጠዋት እንደ ዱላ ነው፤ ቀትር ላይ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። ምሳሌው ሙሉ አይደለም፤ ደም ቅዳ የሚላላው ግድግዳው ላይ ያለው ጡንቻ ስለሚፈታ ነው፣ ጎማ ደግሞ ጡንቻ የለውም። ግን ማታ ሲበርድ ጎማው ተመልሶ ይደርቃል። የተሰነጠቀውንም ቦታ ፀሐይ አይደፍነውም።

ሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የሙቀቱን ተቃራኒ ይሠራል፤ ደም ሥርን ያጠባል፣ ልብን ያስሮጣል። ስቲም ውስጥ ልብ ድሮም እየሮጠ ነው። በዚያ ላይ የሲጋራው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ አታጭሱ። ኒኮቲን ከደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በዚያን ያህል ጊዜ ነው። ከወጣችሁም በኋላ ቢያንስ ላቡ እስኪደርቅ ታገሡ። አንድ ዙር 15 ደቂቃ ይሁን፣ ስትነሱም ቀስ ብላችሁ። ይህ የመጨረሻው ለማያጨሱትም ነው፤ ድንገት ብድግ ያለ ሰው ሁሉ ሊዞርበት ይችላል። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

አንድ ጥፋት የኛ ነው። በሩ ሥር መተርኮሻ ያስቀመጥነው እኛው ነን። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ እኛ ደግሞ አግዳሚ ጭምር አዘጋጅተን ነበር። መተርኮሻው ተነሥቷል። አግዳሚው አለ፤ የዝንጅብል ሻይ ይቀርብበታል።

ልኬቱ በነፃ ነው። ቀጠሮ ያላችሁ 10 ደቂቃ ቀደም በሉ።

ከአክብሮት ጋር
የስቲም ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
ሱሉልታ