ሳልመልስልሽ ለቀረሁት ግጥም

የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ካወራን ሶስት አመት ሊሞላን ነው። የመጨረሻ ሜሴጅሽ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ እማማ ካረፉ በኋላ የጻፍሻት ግጥም። ማታ ተረጋግቼ አነባታለሁ ብዬ አሳደርኳት፣ ከዛ ስራው ሲደራረብ ሳምንት ሆነ ወር ሆነ፣ በኋላማ መዘግየቴ ራሱ እያሳፈረኝ ስንቴ ጀምሬ አጠፋሁት መሰለሽ።

አሁን ያስነሳኝ ሰሞኑን ያነበብኩት የሁለት ሰዎች መጻጻፍ ነው። ዳግ ሐመርሾልድን ታውቂዋለሽ፣ ስዊድናዊው የተመድ ዋና ፀሐፊ፣ በኮንጎው ቀውስ ጊዜ የኛም ወታደሮች እዛ በዘመቱበት ማለት ነው። እኔ እሱን በፖለቲካው ብቻ ነበር የማውቀው። ለካ ከ1955 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) እስኪሞት ድረስ ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከሴን ጆን ፔርስ ጋር ይጻጻፉ ነበር።

ፔርስ የብዕር ስሙ ነው፣ እውነተኛው ስሙ አሌክሲ ሌዤ ይባላል፣ እሱም ዲፕሎማት ነበር። እስከ 1940 የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ዋና ፀሐፊ ሆኖ ሲሰራ ለረጅም አመታት ግጥም ማሳተም ትቶ ነበር። ከዛ ከስልጣን አነሱት፣ ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግስት ዜግነቱን ገፈፈው፣ ፓሪስ የነበረው ቤቱ ተበርብሮ ያልታተሙ ጽሑፎቹ ጠፉ፣ እሱ ተሰዶ አሜሪካ ገባና በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረ። ሐመርሾልድ የሚጽፍለት እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው፣ የቢሮን ሸክምም የግጥምን ነገርም ሳያስረዳው ለሚገባው ሰው። እንዲህ አይነት ጓደኛ ስንት ይገኛል?

ከሁሉም የገረመኝ ግን 1960 ነው። ሐምሌ ላይ የሰላም አስከባሪው ጦር ኮንጎ ገባ፣ መስከረም ላይ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ተነስቶ የዋና ፀሐፊው ስልጣን ይቅር አለ፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሐመርሾልድ ቦታዬን አልለቅም ብሎ መለሰ። ሰውየው በዛ ሁሉ መሀል የፔርስን "ክሮኒክ" የሚባል ረጅም ግጥም ወደ ስዊድንኛ ተርጉሞ ያወጣው በዛው አመት ነው! በዛው ጥቅምት ደግሞ ፔርስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሐመርሾልድ የሸላሚው የስዊድን አካዳሚ አባል ስለነበርና ለፔርስም ብዙ ስለተሟገተ ጓደኛውን አሸለመ የሚል አይጠፋም፣ እኔ ግን አይዋጥልኝም። በዛ አመት ተቀምጦ የሌላ ሰው ግጥም ቃል በቃል እያገላበጠ የሚመረምር ሰው ለግጥሙ ብሎ ነው፣ በውለታ የሚደረግ ነገር አይደለም።

በቀጣዩ አመት መስከረም 17 ለ18 አጥቢያ፣ ከኮንጎ ልገንጠል ስላለችው ስለ ካታንጋ ግዛት ተኩስ አቁም ሊነጋገር ሲሄድ፣ አውሮፕላኑ ንዶላ አጠገብ ተከሰከሰ፣ የዛሬዋ ዛምቢያ ማለት ነው። 56 አመቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንኳ የፈላስፋውን የማርቲን ቡበርን መጽሐፍ መተርጎም ጀምሮ ነበር። ፔርስ በእድሜ 18 አመት ይበልጠዋል፣ እሱ ግን እስከ 1975 ኖረ። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ስልኬን አነሳሁና ያንቺን ግጥም ከፈትኩት።

እህቴ ይቅር በይኝ። ያኔ የፈለግሽው ሀዘንሽን አብሮሽ የሚያነብልሽ ሰው ነበር፣ እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም አልኩ። ትናንት ማታ አራት ጊዜ አነበብኳት፣ ነጠላቸው በሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ ያልሽው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ከፈቀድሽልኝ ወደ እንግሊዝኛ ልመልሳት እፈልጋለሁ፣ እነዛ ውጭ ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው እንዲያነቧት። ጀምሬያታለሁ እንዲያውም፣ ግን ሶስተኛው መስመር ላይ ቆሜያለሁ። "እማዬ ደጅ ናት" ያልሽው የቤቱን ደጅ ነው ወይስ የቤተክርስቲያኑን?