የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ፀሐይ የማይነካው አመዳይ

ክበባችን ዘንድሮ 26 አባላት ነበሩት። አብዛኞቹ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አርብ አርብ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንሰበሰባለን። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደተለመደው ወንበር በመፈለግና የፕሮጀክተር ገመድ በመለመን አለፉ።

ኅዳር ላይ ልጆቹ «ፍሮዝን 2»ን፣ የንግሥት ኤልሳንና የእህቷን የአናን የዲዝኒ ካርቱን ፊልም ሁለተኛ ክፍል፣ እንይ አሉ። እኔ አልጓጓሁም፤ የመጀመሪያውን ፊልም ዘፈን ልጄ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት አስጩሃብኛለች። እሺ አልኩ፣ ግን የቤት ሥራ አስያዝኳቸው። ይኼኛው የተለያየ ዓይነት ሰው ያሳያል ይባላል፤ እስቲ ቁጠሩ አልኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ነጭ በነጭ ነው። በ2019ኙ ሌተናንት ማቲያስ ብቅ ሲል ከኋላ ወንበር «አንድ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥቁር መኮንን ነው፤ ጭጋግ በዘጋው ጫካ ውስጥ ከ34 ዓመት በላይ የቆየ። አጋዘን አርቢዎቹ ኖርዙልድራዎች ሲመጡ ግን ቆጠራው ተምታታ። «ቲቸር፣ እነዚህስ ከየትኛው ናቸው?»

መልሱ ሁለት አርብ ፈጀ። የተቀዱት ከሳሚዎች ነው፤ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜን ጫፍ ከሚኖረው ሕዝብ። የመጀመሪያው ፊልም መክፈቻ ዜማ የእነሱን ባህላዊ ዜማ፣ ዮይክን የተከተለ ነው፤ የአና ወዳጅ የክሪስቶፍ አለባበስም ከእነሱ የመጣ ነው። ስማቸው ግን በታሪኩ ውስጥ አልተነሳም፣ ቅሬታም ተነሳ። ለሁለተኛው ዲዝኒ ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከፊንላንድ የሳሚ ፓርላማዎችና ከሳሚ ምክር ቤት ጋር ውል ተፈራረመ። ቬርዴት የሚባል የሳሚ አማካሪዎች ቡድን ሥራውን አየ። ፊልሙ በሰሜን ሳሚ ቋንቋም ወጣ። ለእኔ ከማቲያስ ይልቅ ይኼ ውል ይበልጣል።

ግድቡ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። የኤልሳና የአና አያት የሆነው ንጉሥ በስጦታ ስም የሠራው ግድብ የኖርዙልድራዎቹን መሬት የሚያዳክም ሆኖ ይገኛል፣ መጨረሻ ላይ ይፈርሳል። ወላጆቻቸው ቦንድ የገዙ ልጆች ግድብ ሲፈርስ ለማጨብጨብ አልቸኮሉም። እኔ ግድብ ሊሠራበት የታቀደውን የኖርዌይ አልታ ወንዝ አነሳሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሳሚዎች ግድቡን ተቃውመው ኦስሎ ላይ፣ ፓርላማው ደጃፍ የረሃብ አድማ መቱ። ግድቡ ተሠራ። የኖርዌይ ሳሚዎች ፓርላማ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ተከፈተ።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን አልለቀቀችኝም። የኤልሳና የአና እናት ኖርዙልድራ ሆና ትገኛለች። «እናታቸው ከእነሱ ባትወለድ ኖሮስ ያግዟቸው ነበር?» አለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።

የሳሚውን ትርጉም ሲሰሙ እኛም በአማርኛ እንሞክር አሉ። መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የአናንና የበረዶ ሰው የሆነውን የኦላፍን አጭር ንግግር መረጥን፤ በዚያውም ተጣበቅን። ኦላፍ እንዳይቀልጥ ኤልሳ የማይሟሟ ውርጭ አልብሳዋለች። አንዱ «በረዶ» በሉት አለ። ሌላው «በረዶማ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው» ብሎ ሳቀበት። «ግግር» የሚል መጣ፤ እሱ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ የወጣ ይመስላል። ሳሚዎች ለበረዶ ያሏቸውን ብዙ ቃላት ነግሬያቸው ስለነበር በአማርኛ አፈርን።

በመጨረሻ ወደ በሩ ሮጡ። ጥበቃችን ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው። «ሌሊቱን ሣሩ ላይ አድሮ ጠዋት ነጭ ሆኖ የምታገኙት አመዳይ ነው። ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል» አሉ። ኦላፍ «ፀሐይ የማይነካው አመዳይ» ለበሰ።

ቀረጻው በስልክ ነበር፤ ደወሉ እንዳይገባ ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው አወሩ። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋብን፣ አንድ ጊዜ ኦላፍ ጉንፋን ያዘው። በወላጆች ቀን ግን አሳየነው። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ሲያልቅ ጠጋ ብለው፣ «ጥሩ ነው። ግን እነዚህ ልጆች በዚያ ብርድ አንዳቸውም ጋቢ የላቸውም እንዴ?» አሉኝ።