ለደንበኞቻችን፦ የአዲስ አበባ–ዋሽንግተን የበረራ ሰዓትን ይመለከታል

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ቲኬት ለመቁረጥ ወደ ቢሯችን ከምትመጡት መካከል ብዙዎቻችሁ፣ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ 10 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሲመለሱ እንዴት 20 ሰዓት እንደሚሆን ትጠይቁናላችሁ። ቲኬቱን ላነበበ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ሲሆን የሚረዝመው መሄጃው ነው።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻውም በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ነው። ዋሽንግተን ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ግድም ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለምሳሌ ቲኬት ላይ እንደሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በሐምሌ ከቦሌ በ22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 8:30 የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ዱለስ የሚደርስ መንገደኛ በጉዞ ላይ የሚቆየው 17 ሰዓት ነው። ከዚያ በ11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 7:00 ቦሌ የሚያርፈው ደግሞ 13 ሰዓት ብቻ ይጓዛል።

ታዲያ የ4 ሰዓቱ ልዩነት ከየት መጣ? በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ሻንጣውን ይዞ ለዚህ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ በተለያዩ ጊዜያት ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። ማረፊያው ደብሊን ሲሆን በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጊዜውን የሚወስደው ወርዶ፣ ቆሞና እንደገና ተነሥቶ ከፍታ መያዙ ነው። ዱለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ በቀጥታ ይመጣል፤ በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ግን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የእኩለ ሌሊት በረራ ነው። ቲኬቱ «ሐሙስ 00:30» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ መንገደኛው ቦሌ መድረስ ያለበት ረቡዕ ምሽት 3:30 ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በዚህ ምክንያት ከእንግዲህ በምንሰጣችሁ ቲኬት ሁሉ ጀርባ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእጃችን እንጽፋለን፤ ያልተጻፈበት ከደረሳችሁ ከቢሮ ሳትወጡ እንድታስጽፉ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የቲኬት ክፍል