የተገለበጠውም ሦስት ማዕዘን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ስትጽፉ አንድም አያመልጠኝም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የክፍል ጥበትና የመጽሐፍ እጥረት ነው፤ እውነት ነው፣ እኔም 58 ልጆች ይዤ ነው የማስተምረው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ባለፈው ኅዳር ከካርቶን የቆረጥኩትን ሦስት ማዕዘን ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ስሙን ጠሩት። ገልብጬ ጫፉን ወደ ታች ሳደርገው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ወደቀ እኮ" አለችኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ "አሁን ሳምቡሳ ሆነ" አለ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ "ሦስት ማዕዘን" ሲሉ የነበረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አንዱን ሥዕል ኖሯል፤ ታቹ ሰፊ፣ ጎኖቹ እኩል፣ ቀለሙ ቀይ። ኔዘርላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየርና ዲና ቫን ሂሌ በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን የሚለየው በመልኩ እንጂ ጎንና ማዕዘኑን ቆጥሮ አይደለም ብለው ነበር። ኮሌጅ እያለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በማግስቱ የልብስ መስጫ ገመድ ይዤ መጣሁ። ጫፍና ጫፉን ቋጥሬ ሦስት ልጆች ውስጡ ገብተው በወገባቸው እንዲወጥሩት አደረግሁ። "አንቺ ወደ ዛፉ ሂጂ፣ አንተ ወደ ቧንቧው" እያልኩ ሳንቀሳቅሳቸው ቅርጹ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ይንጋደዳል፤ ዳር የቆሙት ጎኑን ሲቆጥሩት ግን ሁልጊዜ ሦስት ነው። አራተኛ ልጅ ስጨምር ሁለት ጓደኞቹ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። "ወደ ኋላ ሳብ በል፣ ማዕዘንህ የለም!" ብላ የጮኸችው ያቺው "ወደቀ" ያለችኝ ልጅ ናት። ማዕዘን ምን እንደሆነ በቃል አስረድቼ እንዲህ የገባት ልጅ አላየሁም።

ክብ ሲባል ብርቱካንና ኳስ የሚሉኝም ነበሩ። የለስላሳ ቆርኪ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ከበቡት፤ ሲያነሱት የቀረው መስመር ነው ክብ። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱበትን ግቢ ራሳቸው በጠመኔ አሰመሩት፣ ካሬውን ከሬክታንግሉ የለዩትም እዚያው እየዘለሉ ነው። አንድ አናጺ ወላጅ ደግሞ በጣውላ ላይ 25 ሚስማር በአምስት ረድፍ መታልኝ፤ ልጆቹ በላስቲክ እየወጠሩ የፈለጉትን ቅርጽ ይሠሩበታል። ጂኦቦርድ ይባላል። ያስተዋወቀው ግብፅ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ በ1957 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተልኮ እዚሁ አገራችን መሥራቱን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። ሊገመግሙኝ የመጡ አንድ ባለሙያ ቀለም የተቀባ ደብተር ጠይቀው ጥቂት ስላገኙ፣ "ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ተገኝተዋል" ብለው መዘገቡ። ገመዱን አላዩትም፣ ልጆቹንም አልጠየቁም። ወላጆችም "የልጄ ደብተር ባዶ ነው" እያሉ ይመጣሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኛው ነን ትምህርት በደብተር እንደሚለካ ያስለመድናቸው። አንድ ገጽ ሙሉ ሦስት ማዕዘን ቀይ የቀባ ልጅ ግን የተማረው ከመስመር ሳይወጡ መቀባትን ነው። እሱም ለእጁ ይጠቅመዋል፤ ቅርጽ ግን አላወቀም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ለግምገማ የሚመጡትን ነው፦ ደብተር ከመግለጣችሁ በፊት አንድ ልጅ ጠርታችሁ የተገለበጠና የተንጋደደ ሦስት ማዕዘን አሳዩት። "ይሄ ምንድን ነው? እንዴት አወቅህ?" በሉት፣ እስኪመልስም ጠብቁት።

የኦ ክፍል መምህርት፣ ከደሴ