አረንጓዴ አዝዘን ሰማያዊ ሰጣችሁን

ለልብስ ስፌቱ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የትዕዛዙን ታሪክ ከሥር መሠረቱ አልደግመውም፤ ወረቀቱ እናንተ ጋ አለ። አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። "ነገ"ም "ሰኞ"ም ሰልችቶኛል። ይህን የምጽፈው ረቡዕ ዕለት ለደረሰብኝ ነገር ነው።

የአሥራ አራታችንን የጣና ጀልባ ሠራተኞች የደንብ ልብስ ልረከብ መጣሁ። ካርቶኑ ተከፈተ። ሰማያዊ! ደረቱ ላይ ደግሞ መልህቅ ተጠልፎበታል። ዕቃ የሚያስረክበውን ልጅ "ወንድሜ፣ የእኛ ይሄ አይደለም" አልኩት፣ በትሕትና። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ያው የጀልባ ልብስ አይደል? የጀልባ ልብስ ሰማያዊ ነው" አለኝ። ያዘዝነው ጎጃም አዘነ ነው፣ ያ አረንጓዴው የገበሬ ጨርቅ፣ ስለው ሳቀ። "ጋሼ፣ ገበሬ ናችሁ እንዴ? ደግሞ ሐይቅ ላይ ማን ያያችኋል?"

ማን ያየናል? ልንገራችሁ። ቅዳሜ የዘጌ እናቶች ጌሾውን፣ ቡናውን፣ ሎሚውን ተሸክመው ለገበያ ይሻገራሉ። ወደቡ ላይ ደላላው፣ ተሸካሚው፣ አስጎብኚ ነኝ ባዩ ይተራመሳል። ከዚያ ሁሉ ግርግር መሃል "አረንጓዴ የለበሰውን ጥሪው" ነው የሚባባሉት። ጎጃም አዘነ ለእነሱ ባዳ አይደለም፤ አባታቸው ሲያርስ የለበሰው ቁምጣ ነው፣ ወንድማቸው ገበያ የሚወጣበት ኮት ነው። ያንን ቀለም ሲያዩ ሸክሙንም፣ ያዘሉትን ሕፃንም ሳይጠይቁ ያቀብሉናል። አዎ፣ የገበሬ ልጆች ነን። ስድብ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

አሮጌው ሸሚዜ ብብቱ ስለተቀደደ ሐሙስ የእናንተኑ ለብሼ ወጣሁ። አንዲት የማውቃቸው እናት ሸክማቸውን ልቀበል እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ ሳቡት። "ልጄ፣ የባንክ ዘበኛ ነህ?" አሉኝ። ዓመታት ሙሉ ያሻገርኳቸው ሴትዮ!

መልህቁንማ ተዉት። የሳልንላችሁ ታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ውሃ ሲጠጣ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ የሚመታው ታንኳ። ሥዕሉን የሠራው አባቱ ታንኳ ይሠሩ የነበሩ ባልደረባችን ነው፤ ማሰሪያውን ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጥሮ። ጣና 37 ደሴቶች አሉት፤ ከአንዱም መልህቅ ለጥፎ የመጣ ሰው አላየሁም። እናንተም ሐይቁ አፍንጫችሁ ሥር እያለ ታንኳ አናውቅም አትሉኝም መቼም።

ካነሳሁት አይቀር ልጨርሰው። ለጥር 21 ማርያም ይደርሳል ብላችሁ ነበር፤ ጀልባው በምእመናን ጢም ብሎ በሚመላለስበት ቀን ቡትቷችንን ለብሰን ዋልን። ልኬት ሁለቴ ወሰዳችሁ፣ ሱሪው ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀረ። የሁለቱ ዚፕ አይዘጋም። ለቅድመ ክፍያው ደረሰኝ ስንጠይቅ "በኋላ" አላችሁን፣ እስካሁን በኋላ ነው። ባለቤቴ ሸሚዙን ብታጥበው አብሮት የተዘፈዘፈው ነጠላዋ ሰማያዊ ሆነ፤ ይኼው እስከ ዛሬ የምትወቅሰው እኔን ነው።

ብዕር ሳነሳ ጥልፉ ብቻ ይቀየርልን ልል ነበር። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ባሰብኝ። አሥራ አራቱም በአረንጓዴው ጨርቅ እንደ አዲስ ይሰፉ፣ ታንኳው ይጠለፍባቸው። ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን። ካልሆነ ገንዘባችንን ከነደረሰኙ መልሱ። ይህም ካልሆነ ንግድ ቢሮ እንገናኛለን፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይናገራል። ያ ልጅም ይቅርታ ይጠይቅ። በስልክ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ድረስ ይምጣና ማን እንደሚያየን ቆሞ ይይ።

ለናሙና የሰጠኋችሁ ቁራጭ ጨርቅ ከትዕዛዙ ወረቀት ጋር በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ነበር። ከገበያ በገንዘቤ የገዛሁት ነው። ሥራው ሲያልቅ መልሱልኝ፣ ከነመርፌ ቁልፉ። እሱ የባለቤቴ ነው፤ እሷም በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

የጀልባ ሠራተኞች ተወካይ