ዎርዚንግተንን ላጫውትሽ

ሰኒዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን የተጠፋፋነው አንቺም እኔም በሥራና በልጅ ተወጥረን መሆኑን ስለማውቅ ወቀሳ ውስጥ አልገባም። ብቻ በጣም ናፍቀሽኛል። ሰሞኑን እህትሽ ደውላልኝ ነበር። «ሰናይት የሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ አንገፍግፏታል፤ ልጆቹን ይዛ ወደ ሌላ ስቴት ለመሄድ እያሰበች ነው፤ አንቺ ያለሽበት እንዴት ነው?» አለችኝ። ይህ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

ዎርዚንግተን በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ለአዮዋ ድንበር ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። ሚኒያፖሊስ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ የሳውዝ ዳኮታዋ ሱ ፎልስ አንድ ሰዓት። ዙሪያዋ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው፤ ከተማው ውስጥ ኦካቢና የሚባል ሐይቅ አለ። በ1990 ሕዝቧ አሥር ሺህ አይሞላም ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 13,947 ደርሷል። በዚህ አካባቢ ብዙ የገጠር ከተማ ወጣቱ ጥሎት እየሄደ ሲያንስ እሷን ያሳደጓት መጤዎች ናቸው። ከጓቲማላ፣ ከሜክሲኮና ከላኦስ የመጡ፣ ካረን የሚባሉ የበርማ ሰዎች፣ ሱዳኖች፣ ኤርትራውያንና የኛ ሰዎች አሉ።

ሁሉንም የሳበው ጄቢኤስ የሚባለው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ አለው። ባለቤቴም እዚያው ነው። ሥራው ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ብርድ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ቢላዋ መያዝ ነው። የአሳማ መሆኑም ለብዙ ሐበሻ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ የንስሐ አባቱን ጠይቆ የገባ አለ። ግን እንግሊዝኛ ሳይችል የመጣ ሰው ደመወዝ ይዞ ቤቱ የሚገባበት ሥራ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበርም አለው። እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምሠራው።

አንቺን ይበልጥ የሚጠቅምሽ ግን የዕለት ኑሮው ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ እርዳታው አለ ይባላል፣ የት እንዳለ ግን ሰው አያውቅም። እዚህ ሁሉም ቅርብ ነው፤ ደግሞ ከዴስኩ ጀርባ የምታገኚያት ሴትዮ ቅዳሜ ገበያ ላይ ስታገኝሽ ልጅሽን በስሙ ጠርታ ትጠይቅሻለች። ይህ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርሽ አልችልም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚህ ለአዋቂዎች ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፤ እኔ የማታውን ነበር የምማረው። አንድ ማታ አስተማሪያችን የማሞቂያ ቢል ፎቶ ኮፒ አድርጋ አመጣችና ለሁላችንም አደለች። ስንት እንደሚከፈል የቱ ጋ እንደተጻፈ፣ የመጨረሻው ቀን የቱ እንደሆነ፣ ያለፈው ውዝፍ የቱ እንደሆነ በእርሳስ እንድናከብ አዘዘችን። አጠገቤ የምትቀመጥ የጓቲማላ ሴት ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ካየች በኋላ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ የራሷን ቢል አወጣች። የሁለት ወር ውዝፍ ነበረበት፤ ማስታወቂያ መስሏት እየመጣ ሲከማች ነበር። አስተማሪዋ ምንም ሳትል ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደተነሣን ኢነርጂ አሲስታንስ ለሚባለው የማሞቂያ ክፍያ እርዳታ የሚሞላውን ቅጽ አብራት ሞላች። እኔም የዚያን ዕለት ነው ስለ ሕጉ የሰማሁት፤ በሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ማሞቂያውን ከሚያቀርበው ድርጅት ጋር የክፍያ ስምምነት አድርገሽ እሱን እስካከበርሽ ድረስ ማሞቂያሽን አይቆርጡብሽም። ጃንዋሪ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚገባበት አገር ይህ ሕይወት ነው።

ይህን የኢነርጂ እርዳታ የሚሰጠው ኤስኤምኦሲ የሚባል ድርጅት ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ከተማ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ቤተሰቦች ሄድ ስታርት የሚባለውን ነፃ የሕፃናት ቅድመ ትምህርትም የሚያካሂዱት እነሱ ናቸው፤ ለትንሹ ልጅሽ ገና ሳትመጪ ማመልከት ነው። ክሊኒክና ሆስፒታል ስትሄጂ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ፤ በስልክም ቢሆን ያገናኙሻል። ልጅሽን አስተርጉምልኝ እያልሽ አታሳቅቂው። ለትልልቆቹ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በመላው ሚኒሶታ ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ የሀብታም ልጅ የድሃ ልጅ ሳይባል። የካውንቲው ላይብረሪም አለ፤ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም ለሁሉም ክፍት ነው።

አንቺ ነርስ የመሆን ምኞትሽን እንዳልረሳሽ አውቃለሁ። ሚኒሶታ ዌስት የሚባለው ኮሌጅ እዚህ ካምፓስ አለው፤ በ1936 የተጀመረ ነው፣ ነርሲንግም ያስተምራል። የስቴቱ ነዋሪ ሆነሽ የቤተሰብሽ የዓመት ገቢ ከ80,000 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ ከ2024 ወዲህ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም አለ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ፣ ሰኒ።

አሁን ደግሞ ከባዱን ነገር። ይህች ከተማ እኛን የተቀበለችው ሳትጨነቅ አይደለም። ዲሴምበር 12 ቀን 2006 ኢሚግሬሽን ያኔ ስዊፍት ይባል የነበረውን ይህንኑ ፋብሪካ ወርሮ ብዙ ሠራተኛ ወስዷል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ለቤተሰቦቹ መጠጊያ ሆኖ ነበር። ያንን ቀን ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ መጣ። ልጆች በዝተው መጋዘን የነበረው ሁሉ ሳይቀር መማሪያ ሆኖ ሳለ፣ አዲስ ትምህርት ቤት ለመሥራት የቀረበው የብድር ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ አምስት ጊዜ ወደቀ። ብዙ ሰው ዘረኝነት ነው ብሎ ደመደመ። እውነት አለው፤ ግን ሁሉም እሱ አይደለም። ብድሩ የሚከፈለው ከንብረት ግብር ስለሆነ ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ላይ ነው ጫናው የሚወድቀው፤ የበቆሎ ዋጋ በወረደበት ዘመን ደግሞ ይጎዳል። ስቴቱ ለእርሻ መሬት የግብር ቅናሽ እየጨመረ ሲሄድ ያ ሸክም ቀለለ። በኖቬምበር 2019 ለስድስተኛ ጊዜ ቀርቦ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። እኔ ያንን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ አምስት ጊዜ ወድቀው እንደገና ደጅ ለደጅ የዞሩት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ነጮች ናቸው። ለእኛ ልጆች ብለው ነው በዚያ ነፋስ በር ያንኳኩት።

የሚጎድለውንም ልንገርሽ። የሚከራይ ቤት ትንሽ ነው፤ ሲገኝ ቶሎ ካልያዝሽ ያመልጥሻል። የሕፃናት መዋያም እንደዚሁ፤ ባልና ሚስት አንዱ ቀን አንዱ ማታ እየገባን ነው ልጅ የምናሳድገው። ጤፍና በርበሬ እየገዛን የምንመጣው ከሱ ፎልስ ነው፤ ትልልቁን በዓል የምናከብረውም እዚያ ነው። ነፋሱ ደግሞ አይጣል፤ ሐይቁ ላይ ለሚደረገው የሸራ ጀልባና የዊንድ ሰርፊንግ ጨዋታ ግን ሲሳይ ሆኗቸዋል። ከዲሲ ግርግር ለመጣ ሰው ዝምታው መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል።

ጨዋታ ግን አይጠፋም። በጁላይ ሁሉም ብሔረሰብ ምግቡንና ዘፈኑን ይዞ የሚወጣበት ኢንተርናሽናል ፌስቲቫል አለ። በሴፕቴምበር ደግሞ ኪንግ ተርኪ ዴይ የሚባል ከ1939 ጀምሮ ያለ በዓል ያከብራሉ፤ ፔይቼክ የሚባለው የከተማዋ የቱርክ ዶሮ፣ ኩዌሮ ከምትባል የቴክሳስ ከተማ ከመጣችው ከሌላዋ ቱርክ ዶሮ ከሩቢ ቤጎኒያ ጋር በአደባባይ እሽቅድምድም ይሮጣሉ። ልጄ ፔይቼክን ሲደግፍ ጮሆ ጮሆ ድምፁ ይዘጋል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፤ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ለጁላዩ ፌስቲቫል ለአንድ ሳምንት ልጆቹን ይዘሽ ነይ። እኛ ጋ ታርፊያለሽ፤ ትምህርት ቤቱንም ኮሌጁንም አብረን እንዞራለን። አሁን የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የልጆቹን ክፍልና የኪራይ ውልሽ የሚያልቅበትን ወር ላኪልኝ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ከአሁኑ ማጠያየቅ እጀምራለሁ።

እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ ሒሩት